ሐይቁ ረግቷል

ዘንድሮ የጥምቀት ሰሞን ነው የሆነው። ገና ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። ወንድሜን በቁሙ ሦስት ቀን ያለቀስኩለት ያኔ ነው፤ ያስለቀሰኝም አንድ ቃል ነው። ሁላችንም በየቀኑ የምንናገረው ተራ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው ሲናገረው በሰማሁ ቁጥር እጄ ሥራውን ትቶ ይቆማል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጅማ ቦሳ አዲስ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አባቴና እናቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ ተዛውረው መጥተው እዚሁ ጅማ ወለዱን። ልጆቻቸው ሁለት ነን፣ እኔና ታናሼ ብሩክ። ብሩክ እዚሁ ጅማ አጠገብ ሰርቦ በምትባል ከተማ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የሄደው ሚኒሶታ ወደሚባለው ግዛት ነው። ሰርቦ ቤት ያከራዩት የነበሩት እማማ ዘሀራ፣ ዘይነባ የምትባል ልጅ እዚያ ስላለቻቸው እሷ ናት የተቀበለችው።

አስተማሪ ስለሆነ ወሬው ሁሉ ትምህርት ነው። እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ይደውላል። እናቴ ምን በላህ፣ ምን ለበስክ ትለዋለች፤ እሱ ስለ አገሩ ይተርክላታል። የግዛቷ ስም በቀደሙት ባለአገሮች ቋንቋ ሰማይ የመሰለ ውሃ ማለት ነው አላት። አስር ሺህ ሐይቅ አለን እያሉ መኪናቸው ታርጋ ላይ ሳይቀር ይጽፉታል አላት። ትልቁ ከተማ ውስጥ ሕንፃና ሕንፃ በፎቅ ላይ ኮሪደር ስለተያያዘ፣ ሰው ክረምቱን ሙሉ ውጪ ሳይወጣ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ይሄዳል አላት። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «ታዲያ ምሳ በላህ?» ትለዋለች። እኔ ከጎኗ ሆኜ በሳቅ እሞታለሁ።

አንድ እሁድ ግን የማያስቅ ነገር አወራን። የአሜሪካ ትልቁ ወንዝ የሚነሳው ከእነሱ ግዛት ነው፤ እኔም ሄጄ ድንጋይ ለድንጋይ እየተራመድኩ በእግሬ ተሻገርኩት አለ። እናቴ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ተቀበልኳት። ፊቷን ሳየው ግን ገባኝ።

ስለ አባቴ ልናገር። አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ቁም ነገረኛ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ዛሬ ቦዬን በእግሬ ተሻግሬ መጣሁ» አለን። ቦዬ ከጅማ ወጣ ሲሉ በአዲስ አበባው መንገድ ዳር ያለ፣ ጉማሬ የሚኖርበት ውሃ ነው። እኛ ሳቅን። በሳምንቱ ደገመው። ከዚያ ውሃው እንደሚጠራው፣ ውሃው ውስጥ ቤት እንዳለው ይነግረን ጀመር። አላሳከምነውም አልልም፤ አሳክመነዋል፣ ጸበልም ወስደነዋል። በስምንተኛው ወር ጫማው ውሃው ዳር ተጣምሮ ተቀምጦ፣ እሱ ውሃው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ብሩክ ያኔ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር።

እንግዲህ እናቴ ልጇ ወንዝ በእግሬ ተሻገርኩ ሲላት የታያት ያ ነው። እኔ ተቆጣኋት። «የሚነሳበት ቦታ ምንጭ ነው እኮ እማዬ፣ ምንጭ ደግሞ ማንም ይሻገረዋል» አልኳት። እሺ አለች፤ እሺ የምትለው ግን ሰው ለማሳረፍ ነው።

ከጥቅምት ወዲህ የብሩክ ስልክ ቀነሰ። ከዘይነባ ቤት ወጥቶ፣ ተርኪ የሚሉት ትልቅ ዶሮ የሚታረድባት አንዲት ሩቅ ከተማ ውስጥ ሥራ ይዞ ብቻውን ይኖር ነበር። ሲደውልም ትምህርቱ ቀርቷል። አንዴ ብቻ፣ ፀሐይ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች አለኝ። እኔ ደግሞ የሠርግ ልብስ ላደርስ ተጣድፌ ነበርና፣ ታዲያ በጊዜ ተኛ ብዬው ዘጋሁት። ይህን ስጽፍ እንኳ ራሴን ማነቅ ያምረኛል።

የቃና ዘገሊላ ዕለት ጠዋት በስልክ የድምፅ መልእክት ላከ። እናቴ ነጭ ለብሳ ልትወጣ ስትል ነው የከፈትኩላት። ያለውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም በሦስት ቀን ውስጥ መቶ ጊዜ ሳልሰማው አልቀረሁም።

«እማዬ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ስለ እኔ አታስቡ፤ አሁን ሐይቁ ረግቷል። እኔም ረግቻለሁ። ነገ ሐይቁ ላይ እንገባለን፤ መኪናውንም ይዘን ነው የምንገባው። መሀሉ ላይ ቤት አለችን፣ ምድጃም አላት። ሁሉም ነገር ነጭ ነው፣ ጸጥ ያለ። ስልክ እዚያ አይሠራም። ከእንግዲህ በእኔ አታልቅሱ።»

እናቴ በሩ ጋ እንደቆመች መሬት ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ቀስ ብላ፣ «የአባቱ ነው» አለች።

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ሐይቁ ረግቷል ማለት፣ ማዕበል የለበትም፣ ጸጥ ብሏል ማለት ነው አልኩ በልቤ። እሱም ረግቻለሁ ሲል ጭንቀቴ አለቀ፣ ቆርጫለሁ ማለቱ ነው። ውሃ መሀል ቤት፣ ነጭ ነገር፣ አታልቅሱ። ይህን የሚል ጤነኛ ሰው የት አለ? አባቴም በመጨረሻዋ ሳምንት እንዲሁ ረጋ ብሎ ነበር። ተሽሎታል ብለን ደስ ብሎን ነበር እኮ።

ደወልኩ። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ታወራና ትዘጋለች። ደግሜ ደወልኩ፣ እሷው ናት። አርባ ጊዜ ያህል ደውያለሁ። መጨረሻ ላይ ለሴትዮዋ በአማርኛ ለመንኳት። መቅረጫ መሆኗን አጥቼው አይደለም፤ የምለምነው ሰው ስላጣሁ ነው። የአለቃውን ስም አላውቅ፣ የጎረቤቱን አላውቅ፣ የከተማዋን ስም እንኳ በትክክል መጥራት አልችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ሲያወራኝ ምን ስሰማ እንደነበር እንጃ።

ኢንተርኔት ላይ ልፈልግ ብዬም ነበር። የሚኒሶታ ሐይቅ ብዬ በአማርኛ ስጽፍ ምንም የረባ ነገር አልመጣም፤ መስመሩም ሲሄድ ሲመጣ ሰለቸኝ። በረዶ በቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም አልልም። ጣሪያ ላይ፣ ዛፍ ላይ ሲከመር አይቻለሁ። ግን እኛ አገር በረዶ ማለት ቆርቆሮ ላይ ተንኳኩቶ፣ የቡና አበባ አርግፎ፣ ልብስ ከገመድ ሰብስበን ሳንጨርስ የሚቀልጥ ነገር ነው። ደግሞ ብሩክ በረዶ የሚል ቃል ከአፉ አላወጣም። ሐይቅ ነው ያለው።

በማግሥቱ አጎቴ ከየቡ ከተማ መጣ። መልእክቱን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና፣ እዚያ አገር አንድ ነገር አስቅመውታል አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ለዘመድ መናገር አለብን፣ ኋላ ድንገት ከሚሰሙ አለ። ደሜ ፈላ። «ምን ብለህ ነው የምትናገረው? ሬሳ አለ?» አልኩት። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያደርገው ቢጠፋው ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ጓዳ ገባች። እህል ከቀመሰች ሁለት ቀን ሆኗታል። ስትወጣ ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ ለብሳለች።

እዚያ ላይ ነው የተንሰፈሰፍኩት። ነጠላውን ከትከሻዋ ገፍፌ አስተካክዬ አለበስኳት። መልሳ አዘቀዘቀችው። ደግሜ ገፈፍኳት። በነጠላ የተደባደበ እናትና ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ተደባደብን። ከዚያ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን።

ዘይነባ ትዝ ያለችኝ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ቁጥሯን አንድ ቀን እንኳ ይዤ አላውቅም፤ ምን ያደርግልኛል ብዬ። የወላጆቿንም ስልክ የሚያውቀው ብሩክ ነው። ሱቄን እንደዘጋሁ የሰርቦ ታክሲ ተሳፈርኩ። እናቴ ቤት ቆዪ ብላት እምቢ አለች፤ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከጎኔ ተቀመጠች። ቦዬ ጋ ስንደርስ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እኔ ግን አየሁት። ፀሐይ ወጥቶበት ጸጥ ብሏል። በዓለም ላይ እንደዚያ የጠላሁት ነገር የለም።

እማማ ዘሀራ ግቢያቸው ውስጥ ቡና ከተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆመው የተበላሸውን እየለቀሙ ነበር። ባለቤታቸው አባ ፊጣ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ደክሟል፤ አማርኛም ብዙ አይሰሙም። እማማ ዘሀራ የእናቴን ነጠላ ሲያዩ በእጃቸው የያዙት ቡና ፈሰሰ። «ያ ረቢ! ማነው የሞተው?» አሉ።

ስልኩን አውጥቼ መልእክቱን ከፈትኩላቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው እስከ መጨረሻው ሰሙት። አባ ፊጣ ምንድነው ነገሩ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። እማማ ዘሀራም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተረጎሙላቸው፦

«ሃሮን ኢቲቴ ጄዳ።»

እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛ ከገበያም ከጎረቤትም ለምጃለሁ። ሃሮ ሐይቅ ነው። ኢቲቱ ደግሞ ቅል ውስጥ ቆይቶ የሚጠጥረው ወተት ነው፣ በማንኪያ የሚቆረጠው። እማማ ዘሀራ ሐይቁ ጸጥ አለ አላሉም። ሐይቁ እንደ እርጎ ረጋ ነው ያሉት።

«ኢቲቴ? እንዴት ነው ውሃ የሚረጋው?» አልኳቸው።

«በብርድ ነዋ፣ ልጄ። ይጠጥራል፣ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ሰው ይሄድበታል፣ መኪና ይሄድበታል። ዘይነባ አምና ስትነግረን አባቷ ውሸታም ብሎ ተቆጥቷት፣ ቪዲዮ ልካ ነው ያመነው። ቆይ ላሳይሽ።»

የራሳቸውን ስልክ ከፍተው ቪዲዮውን አሳዩኝ። ዓይን የማይጨርሰው ነጭ ሜዳ ነው። መኪናዎች ተደርድረውበታል። ከእንጨት የተሠሩ ትናንሽ ቤቶች አሉ፣ ከጭስ ማውጫቸው ጭስ ይወጣል። አንድ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰው መሬቱን በትልቅ መብሻ ይበሳል፤ ከበሳው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ቡልቅ ይላል። ከዚያ ወንበር ስቦ ክር ሰደደና ዓሣ አወጣ። አባ ፊጣ ከተቀመጡበት፣ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብዬ አላውቅም፣ አላህ የሚሠራውን እሱ ያውቃል አሉ።

በዚያ ስልክ ላይ ወደቅሁበት ማለት ይቀላል። ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ። ሐይቁ መሀል ያለችው ቤት፣ ምድጃዋ፣ ነጩ ነገር፣ ሁሉም እውነት ነው። ወንድሜ አላበደም። ወንድሜ ዓሣ ሊያጠምድ ነው የሄደው።

ለዘይነባ ደወሉላት። እኩለ ቀን ስለነበር እዚያ ሌሊት ነው፤ በእንቅልፍ ድምፅ አነሳች። ነገሩን ስትሰማ፣ ደህና ነው፣ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ወደ ሰሜን ሄዷል፣ ነገ ይመለሳል አለች። ግቢው በአልሃምዱሊላህና በተመስገን ተሞላ። እማማ ዘሀራ እናቴን ይዘው እየተሽከረከሩ ነጠላዋን ራሳቸው አቀኑላት።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ውሃውስ ይርጋ። እሱስ ረግቻለሁ ያለው ምኑ ነው?» አለችኝ።

ተናደድኩ። ሦስት ቀን አሳብደሽኝ አሁን ደግሞ ሌላ አመጣሽ ማለት አማረኝ። ደስ ስላለው ነዋ እማዬ ብዬ አለፍኩት። እማማ ዘሀራ ወተት አመጡላት፤ ጠጣችው። ለእኔ ይህ በቂ ነበር።

በማግሥቱ ብሩክ ራሱ ደወለ። ስልኩን እየተነጣጠቅን ጮህንበት። እሱም ታሪኩን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። በሳምንት ውስጥ ቦሳ አዲስ ሰምቶ ያልሳቀ የለም። ደንበኞቼ ልብስ ሊለኩ ሲመጡ፣ እስቲ የሐይቁን ንገሪን ይሉኛል። እኔም አፍ አለኝ፤ የነጠላውን ድብድብ ሁሉ ጨምሬ ነበር የማወራው።

የካቲት አጋማሽ ላይ፣ እሁድ ሳይሆን፣ ሱቅ እያለሁ ደወለ። «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። ብቻዬን ነኝ አልኩት። ከዚያ፣ «እታለም፣ ሁላችሁም በእማዬ ሳቃችሁ። እማዬ ግን ልክ ነበረች» አለኝ።

የሚሰፋው ልብስ ጉልበቴ ላይ እንዳለ ቀረ። በኅዳር፣ ሐይቁ ገና ውሃ ሳለ፣ ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ መሄድ አቅቶት ዳሩ ላይ ይቆም እንደነበር ነገረኝ። አንድ ቀን አይደለም። የአባባን ጫማ ያስብ እንደነበር ነገረኝ። ለእኔ ሊነግረኝ ደውሎ፣ ስለ ፀሐይዋ ብቻ አውርቶ እንደዘጋ ነገረኝ። ያቺ ቀን ናት እንግዲህ፣ በጊዜ ተኛ ያልኩት።

«ከዚያ አንድ ቀን ስሄድ ረግቶ አገኘሁት» አለኝ። «መግቢያ አጣሁ።»

ድምፄን አላወጣሁም። ባወጣው እንደሚያቆም ገብቶኛል። እዚያው ቆሞ ሳለ በፋብሪካው አብሮት የሚሠራ አንድ ሽበታም ፈረንጅ በመኪና ሲያልፍ አይቶት ቆመ። ስማቸውን እንኳ በደንብ አይተዋወቁም። ምን ሆንክ ብሎ አልጠየቀውም። ዓሣ ታጠምዳለህ? አለው። ብሩክ፣ አላውቅም አለው። ቅዳሜ አሳይሃለሁ ብሎ ቤቱ ድረስ ሸኘው። ቅዳሜ ትርፍ ካፖርት ይዞ በሩን አንኳኳ፤ የሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። ክረምቱን ሙሉ አልቀረም። ወንድሜ እንደሚለው ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሃያ ቃል አይናገርም። ከዚያ ሐኪም ጋ የወሰደውም እሱ ነው፤ አሁን ሐኪሙ በየሳምንቱ ያየዋል። የጥምቀቱን መልእክት የላከልን ሐኪሙ ጋ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው። አታልቅሱ ያለው እኛ እንደምናለቅስ ስለሚያውቅ ነው።

ስልኩን ዘግቼ የሱቁን መጋረጃ ጋረድኩ። ያልታደልኩ ነኝ እንዳልል ወንድሜ በሕይወት አለ። ታድያለሁ እንዳልል ደግሞ፣ ያዳነው አንድ ስሙን የማላውቀው ሰው ነው፤ እኔ ስልክ ይዤ ሳለሁ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። የነገርኳት ያህል ግን ታውቃለች። ጎረቤት ተሰብስቦ ስለ ሐይቁ ሲስቅ ተነስታ ጓዳ ትገባለች። አንድ ቀን ብቻ፣ «አሁን ሰው አለው?» አለችኝ። አለው አልኳት። እኔም ታሪኩን ማውራት ትቻለሁ፤ ሲለምኑኝ ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ።

ይህን የምጽፈው መጋቢት ማብቂያ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ ዝናብ ገባ አልገባ እያለ ሰማይ ያያል። እኔ የማውቀው ሌላ ነገር ነው። ሚኒሶታ ውስጥ በረዶው በሚያዝያ ይቀልጣል። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ይለቃል፣ ከዚያ መሀሉ ይጠቁራል፣ ከዚያ በአንድ ቀን ነፋስ ተሰነጣጥቆ ይሄዳል። ብሩክ ነው ያስተማረኝ፤ አሁን ሲያስተምረኝ አልስቅም።

ትናንት ስደውልለት ዳሩ መልቀቅ ጀምሯል አለኝ። እንደ ድሮው ብሆን ወሬ እቀይር ነበር። አልቀየርኩም። «ትፈራለህ?» አልኩት። «እፈራለሁ» አለኝ። እኔም እፈራለሁ አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ፣ እሱ ቁርሱን እስኪበላ፣ እኔ የአንዲት ሴት ቀሚስ እስክጨርስ አብረን ቆየን።